ለድንኳን የሚበቃ ግቢ

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ለመሆኑ ስንት ቤት ሠራሽ?» ይለኛል። ፕላን የሚነድፍ ሰው እንደ ዳቦ ጋጋሪ የሠራውን ሲቆጥር የሚያመሽ ይመስላቸዋል። ቁጥሩን አላውቀውም፤ ብዙ ነው። መርካቶ ውስጥ ሱቅና መጋዘን፣ ከከተማው ዳር ዳር ደግሞ መኖሪያ ቤት ነድፌአለሁ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ስተኛም ስነሣም የማስበው አንዱን ነው። ግቢው ፈርሷል፣ ቤቱም ሰው አይኖርበትም። በዚያ ግቢ ምክንያት አንዲት ሴት ሞታለች፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። የምጽፈው ስለዚያ ነው። ስለ ሌላው የማነሣው ወደዚያ እስኪያደርሰኝ ድረስ ብቻ ነው።

ቢሮዬን የለቀቅኩት ዘንድሮ በሚያዝያ ነው። አብነት አጠገብ፣ ታች ብርድ ልብስ የሚሸጥበት ፎቅ ላይ፣ አራተኛ ደርብ ነበር። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ወጣቶቹ በኮምፒውተር ሲሠሩ እኔ ከኋላቸው ቆሜ «እስቲ ትንሽ ዝቅ አድርጉት» የምል ሰው ሆኜ ነበር። ትልቁን የንድፍ ጠረጴዛዬን የሚያወርድልኝ ተሸካሚ ጠራሁ። ትከሻው ሰፊ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። በጀርባው አዝሎ አራቱን ደርብ ከወረደ በኋላ መንገዱ ዳር አስቀመጠውና ላቡን እየጠረገ፣

«እትዬ፣ ይሄ ለምንድን ነው የሚሆነው?» አለኝ።

«መስመር ይሰመርበታል።»

«መስመር ብቻ?»

«መስመር ብቻ።»

«ኧረ ለመስመር ይሄን ያህል አይከብድም ነበር» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ።

ተወልጄ ያደግኩት መርካቶ ነው። አባቴ ከሸዋ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር፤ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ይሰፋል። ሰባት ሆነን ሁለት ክፍል ውስጥ ኖረናል። ግቢ የሚባል ነገር አልነበረንም። ከበሩ ሲወጡ መንገድ ነው፣ መንገዱ ደግሞ የሁሉም ነው። አባቴ ጠመኔ ይዞ ጨርቁ ላይ ሲያጎነብስ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። መስመር መውደዴ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ትምህርት እንደ ጨረስኩ አንድ የመንግሥት ንድፍ ቢሮ ውስጥ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ሌላው በእርሳስ የነደፈውን በቀለም መገልበጥ ነበር። ያን ጊዜ ስሕተት የሚፋቀው በምላጭ ነው። አለቃችን ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ስሕተት ሲያገኙ አይቆጡም፤ ወረቀቱን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ያልፋሉ። የት ጋ እንደሆነ ግን አይናገሩም። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስፈልገው እውላለሁ። ተናድጄባቸዋለሁ፣ ከበስተኋላቸውም አምቻቸዋለሁ፤ ዐይኔን ያሠለጠኑልኝ ግን እሳቸው ናቸው። ከዚያ መርካቶ ተመልሼ የሱቅ ፎቆች የሚነድፍ የግል ቢሮ ገባሁ። የዚህኛው ቢሮ ባለቤት እውቀታቸው ሁሉ ማጥበብ ላይ ነበር። መተላለፊያው አንድ ክንድ ሲቀነስ ስንት ሱቅ እንደሚወጣ በቃላቸው ያውቁታል። ደመወዙ ደህና ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ቤት መንደፍ የተማርኩት ከጋሼ ታደለ ነው። አጭር፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ጭቃ የነካው ሰው ነበሩ። ተዳፋት ላይ የሚሠራ መኖሪያ ቤት የሚፈልግ ሁሉ እሳቸውን ፈልጎ ይመጣል። ዐሥራ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። አዲስ ቦታ ስንሄድ ከመኪናው መጀመሪያ የሚያወርዱት ሜትር አልነበረም፤ ውሃ የተሞላ ቢጫ ጀሪካን ነበር። እሱን ይዘው ወደ ቦታው የላይኛው ጫፍ ይወጡና ቀስ ብለው ያፈሱታል። ከዚያ ጎንበስ ብለው ውሃውን ይከተሉታል። የት ታጠፈ፣ የት ጠፋ፣ የት ጋ እንደገና ብቅ አለ፤ ይሄን ሁሉ አንድ በአንድ ያያሉ። «ስለ ቤቱ በኋላ እንነጋገራለን፤ መጀመሪያ እሱ በየት እንደሚያልፍ ንገሪኝ» ይሉኛል። በበጋ ያዩትን ቦታ በክረምት ተመልሰው ሳያዩት አንድ መስመር አያሰምሩም ነበር። ደንበኛው ቢቸኩል፣ ቢቆጣ፣ ሌላ ነዳፊ ጋ እሄዳለሁ ቢል ግድ አይሰጣቸውም። በዚህ የተነሣ ስንት ሥራ አምልጦናል።

ሌላው መሣሪያቸው ነጭ ክር ነበር። ከመርካቶ በጥቅል ያስገዙኛል። ክሩን ከዛፍ ወደ ዛፍ በውሃ ልክ እየወጠሩ ወለሉ የት ላይ እንደሚውል ያሳዩኛል። መሬቱ ከክሩ በታች የቀረበት ቦታ አፈር ይሞላል፣ ከክሩ በላይ የሆነበት ቦታ ይቆፈራል። በክሩ መሃል ወዲያና ወዲህ እያልን ቤቱ ሳይኖር እንኖርበታለን። «እዚህ ጋ ሆነሽ ልጅሽን ጥሪው፤ ይሰማሻል?» ይሉኛል። ምሳችንን፣ ዳቦና ቃሪያ፣ ወጥ ቤት ይሆናል ባሉት ቦታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እንበላለን። ዛፍ የሚቆረጠው ሌላ መንገድ ሁሉ ሲጠፋ ብቻ ነው። ሥሩ አፈሩን ይዞ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሠራተኛ ነው ይሉ ነበር። ተዳፋት ላይ መሬቱን ከማስተካከል ቤቱን እንደ ደረጃ ቆራርጦ ማውረድ ይሻላል፤ አንዱ ክፍል ከሌላው በግማሽ ደርብ ዝቅ ይላል፣ መሬቱ እንደነበረ ይቆያል፣ ውሃውም የድሮ መንገዱን አይስትም። እዚህ አገር ሰው ግን ሜዳ ይወዳል። ጋሼ ታደለ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሰውን ከሜዳ ጋር ሲያለያዩ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ልማድ ነበራቸው፣ እኔ እንደ ዕብሪት የቆጠርኩት። ደንበኛ ቤት ሲሄዱ የማይሆነውን ነገር ሁሉ ተናግረው ሳይጨርሱ ምንም አይቀምሱም። ሴትዮዋ ብትለምን፣ ሰውዬው ቢቆጣ፣ «ቆይ መጀመሪያ እንነጋገር» ነው መልሳቸው። አንድ ቀን ስንመለስ ሰዎቹን ማስቀየማቸውን ነገርኳቸው። «ከማዕዳቸው ከበላሁ በኋላ አይሆንም ማለት ያቅተኛል፤ እኔ ራሴን ዐውቀዋለሁ» አሉኝ። እኔ በሄድኩበት ሁሉ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እጫወታለሁ። ደንበኞቼም ይወዱኝ ነበር፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ጋሼ ነስሩንና ባለቤታቸውን እትዬ ዘይነባን የማውቃቸው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ጋሼ ነስሩ ብትን ጨርቅ ይሸጣሉ፤ አባቴም ጨርቅ የሚወስደው ከሳቸው አባት ሱቅ ነበር። አገራቸው ስልጤ ነው። አራት ልጆች ያሳደጉት ከሱቁ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፍ የሸፈነው ተዳፋት ላይ ቦታ አገኙና ቢሮዬ መጡ። ጋሼ ታደለ ያን ጊዜ ጉልበታቸው ታሞ ከቤት መዋል ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቢሮውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

«የምትፈልጉትን ንገሩኝ» አልኳቸው።

ጋሼ ነስሩ ስለ መኝታ ክፍሎቹና ስለ መኪና ማቆሚያው አወሩ። እትዬ ዘይነባ እስኪጨርሱ ጠበቁ። ከዚያ፣

«እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለድንኳን የሚበቃ ግቢ ይኑረው» አሉ።

«ለልጆቹ ሠርግ ነው?»

«ለሠርግም ይሆናል። እኔ ግን ለለቅሶ ነው የምለው።»

ጋሼ ነስሩ አንገታቸውን ደፉ።

«እናቴ የሞተች ጊዜ ነበርሽ አይደል፣ ሙሉዬ? ድንኳኑ ግማሹ መንገድ ላይ ነበር። ከአገር ቤት ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጥቶ፣ መቀመጫ አጥቶ ፀሐይ ላይ ቆመ። እኛ ስናለቅስ ሚኒባሱ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ተሸካሚው ‘ዞር በሉ’ ይላል። ምን ያድርጉ፤ መንገዱ የነሱም ነው። እናቴን በመኪና ጥሩምባ ነው የሸኘኋት። ሰው ቁጭ ብሎ የሚያለቅስበት ቦታ የሌለው ቤት ሁለተኛ አልፈልግም።»

ነበርኩ። ያን ቀን ፀሐይ ላይ ከቆሙት አንዷ እኔ ነኝ። የአባቴም ድንኳን የተተከለው እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ አንድ የጭነት መኪና ገመዱን በጥሶት ሄዷል። ሌላ ሰፈር ያደገ ነዳፊ ቢሆን «እትዬ፣ ተዳፋት ላይ ይሄ አይሆንም» ብሎ በቀላሉ ይመልሳቸው ነበር። እኔ ግን የጠየቁኝ ነገር አንጀቴ ውስጥ ገባ።

ቦታውን ያየሁት በጥር ነው። መሬቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ መሃል መሃል ጥቂት ጽድ፣ ከታች ደግሞ አንድ ያረጀ ወይራ አለ። በምሥራቅ በኩል የወደቀ ቅጠል የሞላበት ሰፊ ጎድጓዳ ነበር። ገብቼ ረገጥኩት፤ ቅጠሉ ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ጀሪካኑን አልያዝኩም። እትዬ ዘይነባ ምሳ ይዘው መጥተው ስለነበር ዛፍ ሥር ጨርቅ አንጥፈን ቆጮና ጎመን በላን። እያጎረሱኝ ወደ ጎድጓዳው አሳዩኝ። «እሱ ቢሞላ ለድንኳኑ አይሆንም?» አሉ።

«ይሆናል» አልኩ።

ቤቱን ጥሩ አድርጌ ነበር የነደፍኩት፤ ይሄን እንኳ ልበል። ሦስት ወለል ነው፤ እያንዳንዱ ከላይኛው በግማሽ ደርብ ዝቅ ይላል። የወላጆቹ መኝታ ላይ፣ ሳሎኑ መሃል፣ የልጆቹ ክፍሎች ታች ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ዘጠኝ ዘጠኝ ደረጃ ብቻ ነው፤ የእትዬ ዘይነባን ጉልበት አስቤ ደረጃውን ዝቅ ሰፋ አድርጌዋለሁ። የሳሎኑ ትልቅ መስኮት ጫካውን ያያል። ወይራውን ላለመቁረጥ ግድግዳውን አጠፍኩት። ለቤቱ ሲባል የተቆረጠው ሁለት ዛፍ ነው። ግቢው ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። ከመሠረቱ የወጣው አፈር ጎድጓዳው ውስጥ ተሞላ። ታች በኩል አፈሩን የሚይዝ፣ ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ የድንጋይ ግንብ ነደፍኩ። ዐሥራ አንድ ባሕር ዛፍ መቆረጥ ነበረበት። ከሙሌቱ ሥር አንድ ቱቦ አሳለፍኩ፤ ግንቡ ላይም ውሃ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች አደረግኩ። ከግቢው በላይ የጫካውን ውሃ ተቀብሎ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ግን አልነደፍኩም። የሚመጣ ውሃ አላየሁማ። የግንቡን ውፍረት ያሰላው መሐንዲስ የተነሣው እኔ ከሰጠሁት መረጃ ነው። ቦታው ደረቅ ነው ብዬ የጻፍኩለት እኔ ነኝ።

ንድፉን ይዤ ጋሼ ታደለ ቤት ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ለወይራው ያጠፍኩትን ግድግዳ ሲያዩ ፈገግ አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ግቢው ላይ አሳረፉ።

«ይሄን ቦታ ክረምት አይተሽዋል?»

«አዎ፣ አይቼዋለሁ።»

«ውሃው?»

«ምንም የለበትም።»

«እንግዲያው ጥሩ ነው» አሉና ወረቀቱን ጠቅልለው ሰጡኝ። ለምን እንደዋሸኋቸው ብዙ አስቤበታለሁ። እትዬ ዘይነባ ንድፉን አሳይቻቸው በደስታ አልቅሰው ነበር። እስከ ክረምት ቆዩ ማለት፣ ከዚያ ደግሞ ምናልባት አይሆንም ማለት፣ የሰጠኋቸውን መልሼ መቀማት ሆነብኝ። ይሄ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ ጋሼ ታደለ እንዲኮሩብኝ መፈለጌ ነው። የትኛው እንደሚበልጥ ዛሬም አላውቅም።

ቤቱ በዓመት ከመንፈቅ አለቀ። የመጀመሪያው ድንኳን የተተከለው ለትልቋ ልጃቸው ሠርግ ነው። መርካቶ ግማሹ ተጠርቶ ነበር ማለት ይቻላል። እትዬ ዘይነባ እጄን ይዘው የድንኳኑ ጥግ ድረስ ወሰዱኝና፣ «እስቲ እዪ፣ አንድም የቆመ ሰው የለም» አሉኝ። እውነትም ሁሉም ተቀምጧል። ከእግሬ በታች ያለውን ሜዳ እየረገጥኩ ተደሰትኩ፤ በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሁን ሆኜ ሳስረዳ ቀላል ነው። ጎድጓዳው የጫካው ውሃ በየክረምቱ የሚወርድበት የድሮ መንገዱ ነበር። የተቆረጡት ባሕር ዛፎች ሥር ከሙሌቱ በታች ቀርቶ ቀስ በቀስ በሰበሰ። ሥሩ የነበረበት ቦታ ባዶ ሲሆን ውሃው በዚያ ይገባል፣ ጭቃ ይዞ ይወርዳል፣ ቱቦውንና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የማይወጣ ውሃ ደግሞ ከግንቡ ጀርባ ይከማቻል፤ አፈሩም በየዓመቱ ይከብዳል። አራት ክረምት ቻለው። በአምስተኛው፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ሦስት ቀን ሳያባራ የዘነበ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ ግንቡ ወደቀ። እትዬ ዘይነባ እንጨት ይዘው ከግንቡ ሥር ወርደው የተደፈነውን የቱቦ አፍ እየከፈቱ ነበር።

የደወለችልኝ ልጃቸው ናት፤ ያቺው ሙሽራዋ። ስደርስ ጎረቤት ሁሉ ጭቃው ውስጥ ነበር። ሰዉ ድንጋዩን በእጁ ያነሣል፣ ጋሼ ነስሩም ከሱቅ ሲመጡ የለበሱት ኮት እላያቸው ላይ እንዳለ ያነሣሉ። እኔም ገባሁ። ያየሁትን አልጽፈውም። ከሁሉ የሚገርመኝ ቤቱ ምንም አለመሆኑ ነው። የሳሎኑ መስኮት አልተሰነጠቀም፣ ወይራውም እንደቆመ ነበር።

ቀብሩ በማግሥቱ ጧት ተፈጸመ። ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳይገባ ስለ ተከለከለ፣ ግቢውም ስለሌለ፣ እድሩ ድንኳኑን የተከለው መርካቶ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ ነው። ከአገር ቤት የመጣው ሰው ቆመ። ሚኒባሶቹ ጥሩምባቸውን ነፉ። እኔ ገብቼ ከሴቶቹ ጋር መቀመጥ አቃተኝና አንድ ሱቅ በር ላይ ተጠግቼ ቀረሁ። ጋሼ ታደለ በከዘራ ተደግፈው፣ ልጃቸው ደግፏቸው መጡ። ሲያዩኝ አጠገቤ ቆሙ።

«ክረምት አላየሁትም ነበር» አልኳቸው። «ዋሽቼዎት ነው።»

ከዘራቸውን አስተካክለው መንገዱን አዩ። ከዚያ፣

«እስከ መቼ እዚህ ትቆሚያለሽ? ግቢና አልቅሺላት» አሉኝ።

ገባሁ። ጋሼ ታደለ ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ኖረዋል። በየሳምንቱ ስጠይቃቸው ስለ ሌላ ሥራ እናወራለን፤ ያንን ግን አንድም ቀን አላነሡትም። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ ሳላውቅ ቀበርኳቸው።

መርማሪዎች መጡ፣ ንድፌን ወሰዱ፣ ጠየቁኝ። ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ጋሼ ነስሩ «ከሷ ጋር ጉዳይ የለኝም» ብለው ፈረሙ። ፈቃዴ ለጊዜው ታገደ፣ በኋላ ተመለሰልኝ። መልሼ ሥራ ስጀምር ፈሪ ነዳፊ ሆንኩ። ዝናብ ላይ ቆሜ ያላየሁትን ቦታ አልነካም፤ ጥቂት ውሃ ለሚመጣበት ቦታ ወንዝ የሚያሳልፍ ቦይ እነድፋለሁ። ወጣቶቹ ይስቁብኝ ነበር። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

ጋሼ ነስሩን በነዚህ ሁሉ ዓመታት ከሩቅ እጅ ከመንሣት አላልፍም ነበር። ወደዚያ ቤት አልተመለሱም፤ እንደ ድሮው ከሱቁ ጀርባ ነው የሚኖሩት። ዘንድሮ ቢሮዬን ከለቀቅኩ በኋላ ግን ሱቃቸው ገባሁ። ለአንዲት ሴት የመጋረጃ ጨርቅ እየለኩ ነበር። እስክትሄድ ጠበቅኩ።

«ጋሼ ነስሩ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አልኳቸው። «ያኔ አፌ እንቢ ብሎኝ ነው።»

ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በርጩማ ሳቡልኝ።

«ቁጭ በይ። እኔም የደበቅኩሽ ነገር አለ» አሉ። «ከመሞቷ አንድ ወር በፊት ግቢው ላይ ስንጥቅ አይታ ነበር። እጅ ያስገባል። ግንቡም ሆዱ ገፋ ብሎ ነበር። ‘ሙሉን እንጥራት’ አልኳት። ‘ተው፣ ስንት ለፍታበታለች፤ አሁን ብንነግራት ታዝናለች፣ ታፍራለችም። ክረምቱ ይውጣና እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ’ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ዝናብ በመጣ ቁጥር ራሷ እየወረደች ቱቦውን ትከፍት ነበር።»

 «ስልኬ እኮ ነበራችሁ» አልኩ።

«ነበረን።» ጨርቁን ማጠፍ ጀመሩ። «እኔም አልደወልኩም። ያሳደገችሽ ልጅ ያህል ነበርሽ ለሷ፤ አንቺን ማስከፋት... እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ስለዚህ አንቺ ብቻ አይደለሽም ይቅርታ የምትጠይቂው። እኔም የምጠይቃት አለኝ።»

ከዚያ ሱቅ ወጥቼ በየት በኩል እንደሄድኩ አላስታውስም። ዱባይ ተራ ውስጥ ሰው ሲገፋኝ ነው የነቃሁት። የግንቡን ጥፋት ለብዙ ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ ክብደቱን ለምጄው ነበር። ይሄኛው ሌላ ነው። ሰው ቤት እየገባሁ፣ እየበላሁ፣ እየተጫወትኩ ሲወዱኝ ጥሩ ባለሙያ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ስንጥቅ ሊነግሩኝ እስኪሳሱልኝ ድረስ ነው የተወደድኩት። አንድ ስልክ ቢደወልልኝ እየሮጥኩ እሄድ ነበር። ግንቡን ላድነው አልችል ይሆናል፤ እትዬ ዘይነባን ግን ከሥሩ አስወጣቸው ነበር። ጉልበታቸው እያመማቸው፣ ዝናብ እየመታቸው በየቀኑ ወደዚያ ይወርዱ የነበረው እኔ እንዳላዝን ነው። ይሄን ዐውቄ እንዴት እንደምተኛ የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም።

ይሄ ክረምት ከገባ ወዲህ ተዳፋት ላይ የነደፍኳቸውን ቤቶች እየዞርኩ ነው። ጃንጥላ ይዤ በታክሲ እሄዳለሁ። በር ይከፍቱልኛል፣ ይስሙኛል። ስንጥቅ አለ ወይ፣ ውሃ የሚያስገባ ቦታ አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። «ኧረ ምንም የለ፣ እንዴት ያለ ቤት ነው የሠራሽልን» ይሉኛል። ድሮ ይሄን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን «እሺ» ብዬ በጓሮ በኩል ዞሬ ራሴ አያለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ደንበኛዬ ቤት ሄድኩ፤ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ቤቷን ከነደፍኩላት ስምንት ዓመት ይሆናል። ዝናቡ ከጧት ጀምሮ አላባራም። «ምንም የለም» አለችኝ። ጓሮውን ዞሬ ተመለስኩ፤ ከውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም። ደግሜ ጠየቅኳት። «ኧረ ቤቱ እንደ አዲስ ነው» አለች፣ ግን ዐይኔን አላየችም።

«ዛሬ ሳታሳይኝ አልሄድም» አልኳት።

ልጆቹ ሳሎን ውስጥ ይጫወታሉ። እሷ እጇን ቀሚሷ ላይ እያሻሸች ቆየች። ከዚያ ወደ ልጆቹ መኝታ ክፍል መራችኝና ከቁም ሳጥኑ ፊት ቆመች።

«ትንሽ ናት» አለችኝ። «ካምና ጀምሮ ነው። አንቺን ማስከፋት ሆኖብኝ ነው።»

ቁም ሳጥኑን ለሁለት ገፋነው። ስንጥቁ ከወለሉ ተነሥቶ ጣሪያው ይደርሳል፤ ከግድግዳው ጀርባ የተዳፋቱ አፈር ነው። እጄን ሳስገባ የውጭው አፈር እርጥብ ነበር።

«ልጆቹን ጥሪያቸውና እንውጣ» አልኳት።